ዝንጀሮ ሴት አይፈራም

ሰኔ 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይህ ደብተር ከመሠረተ ትምህርት የተረፈ ነው። ምስክር ወረቀቴን ስቀበል ግማሹ ባዶ ነበር። ባዶ ነገር ደግሞ አልወድም፤ ማሳም ቢሆን፣ ደብተርም ቢሆን። ዛሬ ስብሰባ ላይ የተናገርኩትን ነገ ፈርቼ "አላልኩም" እንዳልል እዚህ ልሰረው።

የጭላት አፋፍ ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሙጬ ከዋርካው ሥር ቆሞ እንዲህ አለ፦ "የዘማች ቤተሰብ መሬት በተራ እናርሳለን፤ ግዴታችን ነው። ግን ያ ገደል አፋፍ ላይ ያለው የገደፋው ማሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የዝንጀሮ ቀለብ ሆነ። እኛ ለዝንጀሮ ነው እንዴ የምንገብረው? ዘንድሮም ካልሰጠ ለአምራቾቹ ማኅበር ይዛወርና ዛፍ ይትከሉበት።"

ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ገደፋው ባሌ ነው፤ ብሔራዊ ውትድርና ከዘመተ ሐምሌ ላይ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ይሞላዋል። እሱ ስለሌለ እኔ ተነሣሁ። "ኅዳር ላይ ኑና እዩት። ዝንጀሮ ያልነካው አንድ ጥማድ በቆሎ ካላሳየኋችሁ ችግኙን በገዛ እጄ እተክልላችኋለሁ" አልኩ።

ቢሰጥ፣ ከእኔ አጠገብ ዳር ማሳ ያለው ጎረቤቴ፣ ከኋላ ሆኖ "ሴት የላከው ሞት አይፈራም ይባላል፤ እሷስ ማንን ልትልክ ነው?" ብሎ ሰውን አሳቀ።

"ራሴን!" አልኩት። አቻምየለሽ ብለው ስም ያወጡልኝ እኮ በከንቱ አይደለም።

ስብሰባው ሲበተን የማኅበሩ ጸሐፊ ዘሩ እጄን ያዝ አደረገና "ደብዳቤ መጥቶልሻል፤ የጦር ክፍል ማኅተም አለበት። ፈርመሽ ውሰጂ" አለኝ። ከዚህ በፊት የገደፋው ሁለት ደብዳቤዎች በመንገደኛ እጅ ነው የመጡት፤ ማኅተም የሚባል ነገር አልነበራቸውም።

"መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ" አልኩት። መላ አካሏን እሾህ ወግቷት ከየት እንጀምርልሽ ሲሏት ያለችው ነው። የኔ መቀመጫ ያ ማሳ ነው። ደብዳቤው ክፉ ከሆነ የገደፋው ስም ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ስሙ ከተሰረዘ ማሳው በማን ስም ይቆማል? ስለዚህ ማሳው ሳይጸድቅ አልፈርምም። ምክንያቴ ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ለአማቴ ለእማማ ንግሥቴ ስለ ደብዳቤው አልነገርኳቸውም። እርጅና ይበቃቸዋል።


ሰኔ 23

ኩትኳቶ። ወገቤ አልቋል። የሰርዶ ሥር ገመድ ነው፤ ቆርጠው ቢጥሉት ከየቁራጩ ይበቅላል። አንድ በአንድ ለቅሜ ከማሳው አውጥቼ ድንጋይ ላይ ጣልኩት። እጄ እርሳስ አልጨብጥ አለኝ።


ሐምሌ 10

ወንፈል ገብቻለሁ። ቢሰጥና ሚስቱ ቻይነሽ ሁለት ቀን የኔን በቆሎ ኮተኮቱ፤ እኔ ሦስት ቀን የነሱን ዳጉሳ አረምኩ። አንድ ቀን ጨመርኩላቸው፤ ሴት ስለሆነች ጎደለች እንዳይሉኝ።

ሙጃ ነገረኛ አረም ነው። ከዳጉሳው ጋር አብሮ በቅሎ፣ እሱን መስሎ፣ ቀና ብሎ ይቆማል። ቢሰጥ ሁለቴ ሙጃውን ትቶ ዳጉሳውን ሲነቅል ያዝኩት። "ዓይንህን አሳርም" አልኩት። እሱም "ገደፋውን በሰላም ያምጣልን እንጂ ያንቺን ምላስ ማን ያርመዋል?" አለ። ቻይነሽ ከሳቋ የተነሣ መሬት ተቀመጠች። እኔም ሳቅሁ። ቢሰጥ ክፉ ሰው አይደለም፤ አፉ ነው።

የራሱን የገደል አፋፍ ማሳ ግን ዘንድሮ ትቶታል። "ዘር ከማባክን ለዝንጀሮ ልተውላት" ይላል። አረሙ አሁን ወገብ ደርሷል። ችግሩ ያ አረም ከገደሉ እስከ በቆሎዬ ድረስ ለዝንጀሮ መሸሸጊያ መሆኑ ነው። እማማ ንግሥቴ "ዝንጀሮ ገላጣ አይወድም፤ የሚያይበትን እንጂ የሚታይበትን አይረግጥም" አሉኝ። ቢሰጥን ከድንበራችን ወዲያ ሃያ እርምጃ ልጨድልህ ስለው "ካልሽስ ሁሉንም እጨጂልኝ" ብሎ ቀለደ። ሃያውን አጨድኩ። አራት ቀን ፈጀብኝ። አሁን ማሳዬ ዙሪያውን ተላጭቷል፤ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ሲያየው አይቻለሁ፤ እንዳላየሁ ሆኜ አለፍኩ።

ዘሩ ዛሬም "ደብዳቤው" አለኝ። ጊዜ የለኝም።


ሐምሌ 26

ጃርት። አሥራ አንድ አገዳ በሌሊት ቆርጦ ጥሏል። መግቢያውን አገኘሁት፤ በአጋም እሾህ ደፈንኩት። የመጠበቂያው ማማ ተሠርቶ አለቀ። አራት ባላ፣ አንድ ቆጥ፣ የሣር ክዳን። ብቻዬን ነው ያቆምኩት። ቢሰጥ ያቆመው እንዳይመስላችሁ።


ነሐሴ 4

መጡ።

እሸቱ ገና ወተት ሳይቋጥር መጡ። ሠላሳ ይሆናሉ፤ ከዚያ ቢበልጡ እንጂ አያንሱም። አንዱ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ይጠብቃል፤ ሌሎቹ በገላጣው በኩል ቀስ እያሉ፣ ቆም እያሉ ገቡ። ጮህኩ፣ በወንጭፍ ወረወርኩ። እንስቶቹ ዝንጀሮዎች ትንሽ ፈንጠር አሉ። አውራው ግን ቁጭ ብሎ አየኝ። ከእግር እስከ ራስ አየኝ። ከዚያ አፉን ከፍቶ አዛጋና አንድ በቆሎ ገንጥሎ እያየኝ በላ። እያየኝ!

በሕይወቴ ብዙ ሰው ንቆኛል፤ እንደዚህ የናቀኝ የለም። እንባዬ መጣ። ከንዴት ነው።

ማታ ለእማማ ንግሥቴ ስነግራቸው አልገረማቸውም። "ዝንጀሮ ሴት አይፈራም፤ ልጄ" አሉኝ። "ቀሚስ ካየ ጭራሽ መሬት እየቧጠጠ ያስፈራራሻል። እኔም በልጅነቴ ደርሶብኛል። ቁምጣ ካየ ግን ከዚያ ማዶ ነው።"

"ታዲያ ወንድ ከየት ላምጣ?"

እሳቸው የገደፋው ልብስ ወዳለበት ሳጥን አዩ።


ነሐሴ 5

የገደፋውን ካፖርት አወጣሁት። ደምበጫ ገበያ በገዛው ዓመት በጋም ክረምትም ከላዩ አይለይም ነበር። ብል አንገትጌው ላይ ጀምሮት ነበር፤ አራግፌ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ለትንሽ ጊዜ ፊቴ ላይ ይዤው ቆምኩ፤ ብሉን ለማየት ነው።

ቁምጣው ወገቡ ሰፍቶኝ በመጫኛ አሰርኩት። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቤ ደፋሁት። እማማ ንግሥቴ ዙሪያዬን ዞሩና "አረማመድሽን አስተካክዪ፤ ገደፋው እንዲያ አይሄድም። ደረቱን ሰጥቶ ነው የሚሄደው" አሉ። ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አስኬዱኝ። ሳቃቸው መጣ፤ ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ።


ነሐሴ 6

ሸሹ!

አውራው ማማው ላይ ሲያየኝ ቆመ። እኔም ደረቴን ሰጥቼ ቆምኩ። አንድ ጊዜ "ዋ!" ብሎ ጮኸና ሁሉም በገደሉ ቁልቁል ተንደረደሩ። እሰይ! እሰይ! ከማማው ወርጄ ብቻዬን እስክስታ መታሁ። ማንም አላየኝም፤ ቢያየኝም ግድ የለኝም ነበር።


ነሐሴ 15

ከትላንትና ጀምሮ ነቅተውብኛል። ልብሴ የወንድ ነው፤ ጩኸቴ ግን የሴት ነው። "ወግጂ! ወግጂ!" ስል አውራው ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ሰማና ተመልሶ መጣ። ሃያ ሦስት አገዳ ተበላ። ቆጥሬያለሁ፤ አንድ በአንድ ነው የቆጠርኩት። ቡሄ ላይ የተገመደ ጅራፍ ተውሼ ሳጮኸው ትንሽ ደነገጡ፤ ሦስተኛው ላይ ግን ለመዱት።

እማማ ንግሥቴ "እንግዲህ መፎከር ነው" አሉ።

"ሴት ትፎክራለች እንዴ?"

"ሴትማ አትፎክርም። ገደፋው ነው የሚፎክረው" አሉኝ። ከዚያ ማታ እሳት ዳር ቁጭ አድርገው አስተማሩኝ። ድምፅ ከሆድ ነው የሚወጣው እንጂ ከጉሮሮ አይደለም። ሟቹ አማቴ አባ እጅጉ የታወቁ ፎካሪ ነበሩ፤ የሳቸውን ዜማ ሰጡኝ። ግጥሙን ግን እኔ ነኝ የገጠምኩት፦

ዘራፍ የእጅጉ ልጅ፣ ዘራፍ ገደፋው፣
ጠላቱን በድንጋይ ከገደል ያጠፋው!

መምህራችን መሠረተ ትምህርት ላይ "ፊደል ትገድፊያለሽ" ይለኝ ነበር። "ባሌስ ገደፋው አይደል!" ብዬ ክፍሉን በሳቅ አፈረስኩት። የዛሬው ግን ገድፎም አጥፍቶም ነው፤ እዩልኝ ግጥሙን።


ነሐሴ 24

ዘጠኝ ቀን። አንድም አገዳ አልተነካ። ንጋት ላይ ስፎክር ገደሉ ራሱ ይመልስልኛል፤ ወንድ ሁለት የሆነ ነው የሚመስለው። አውራው ከማዶ ቋጥኝ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል። አሁን አያዛጋም።

ልዋሽ አልችልም፤ ደስ ይለኛል። ካፖርቱ ከብዶኝ፣ ጤዛው እግሬን ቆርጦኝ፣ ሆዴ ባዶ ሆኖ ደስ ይለኛል። ይህን የሚያክል ድምፅ በሆዴ ውስጥ ተኝቶ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወጥ ስሠራ ነበር ማለት ነው?


ጳጉሜን 3

የንስሐ አባታችን አባ ገብረ ሕይወት መጡ። ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩባቸው፦ "አባቴ፣ ኦሪት ሴት የወንድ ልብስ አትልበስ ይላል አሉ። አንዲት ሴት ግን ለሥራ ብላ ብትለብስ...?"

"አንዲቷ ሴት ማን ናት?"

"የሩቅ ናት፤ ደምበጫ ናት።"

"ደምበጫም ዝንጀሮ አለ?" አሉኝ። ክው አልኩ። አሁን ማን ነገራቸው? እማማ ንግሥቴ ጥጥ ይፈትላሉ፤ ቀና አላሉም። አባ ትንሽ አሰቡና "ለጌጥ ከሆነ ኃጢአት ነው። ለእንጀራ ከሆነ አርባ ስግደት ይበቃታል" አሉ። "ዝንጀሮው አዳኝ መስሎት እስኪሄድ ድረስ ደግሞ ለማንም አትንገር።" አርባውን ሰገድኩ። አሥር ጨመርኩ፤ ሌላ ጉዳይ ነበረኝ።


መስከረም 3 ቀን 1980 ዓ.ም.

ትላንት ለአብዮት በዓል ሰልፍ ወንድ የተባለ ሁሉ ወደ ፍኖተ ሰላም ሄደ። ዝንጀሮ አልተሰለፈም። የዳር ማሳ ሁሉ ተበላ። የሰዎቹ በቆሎ ጃርት የበላው ዱባ መስሎ ነው የተገኘው። የኔ ቆሟል! በመጡበት ሁሉ ገደፋው ቆሞ ጠበቃቸው።

ሰልፈኞቹ ሲመለሱ በማሳዬ በኩል አለፉ። ማንም ምንም አላለም። ቢሰጥ ብቻ ወደ ማማው ለረጅም ጊዜ አየ። ምቀኝነት መሰለኝ። ይቅናብኝ፤ ደስታዬ ነው።


መስከረም 20

ሰዎች ደግ ሆኑብኝ።

ቻይነሽ ጓያ ሽሮና ቅቤ ይዛ መጣች። ምን ተገኘ ስላት "እንዲሁ ነው" አለችና ወደ ጓዳው በር አየት አድርጋ ዓይኗን ሰበረች። ስትወጣ እጄን ጨብጣ "እግዜር ይሰውረው" አለችኝ። ምን ማለት ነው? ለዘማች "በሰላም ይመልሰው" ነው የሚባለው።

ምንጭ ስደርስ ሴቶቹ ወሬ አቋረጡ። አንዷ እንስራዬን ሳልጠይቃት አሸከመችኝ። እኔን! ሁልጊዜ በምላሴ የምታማኝ ሴት!

ሰው እንዲህ የሚሆነው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ። የጎረቤታችን የዘማች ልጅ መርዶ ሊነገር ሳምንት ሲቀረው እኛም ለእናቱ እንዲህ ሆነን ነበር። እኔ ራሴ እንስራዋን አሸክሜያታለሁ።

አልጻፍኩትም፤ ይሰረዝ።


ጥቅምት 5

በቆሎው ጢሙ ጠቁሯል። ደርቆ ለመታጨድ ወር ቀረው። አንድ ወር ብቻ ዝም ይበሉኝ።

ሙጬ መንገድ ላይ አገኘኝ። እንደ ወትሮው አላፌዘብኝም። "አቻምየለሽ፣ የምትነግሪን ነገር የለም?" አለኝ።

"እናንተ አላችሁ እንዴ የምትነግሩኝ?"

"እኛማ ካንቺ ነው የምንጠብቀው" አለና ሄደ። ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ስለዚህ እጽፋለሁ። ደብዳቤው አራት ወር ሊሞላው ነው። ዘሩ አንብቦት ይሆን? ማኅተም ያለበትን አይከፍትም፤ ጨዋ ነው። ግን ወረቀት ብርሃን ላይ ሲያደርጉት ይታያል። ዝንጀሮን አፍ ለአፍ የምገጥም ሴት አንዲት ወረቀት እሸሻለሁ። እማማ ንግሥቴስ? የወለዱት እሳቸው ናቸው፤ የማወቅ መብታቸውን ቀማሁባቸው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ማሳው ስለሆነ ነው። ማሳው ከጸደቀ በኋላ እፈርማለሁ። ብያለሁ።


ጥቅምት 12

ዛሬ የሆነውን ሳልቀንስ ሳልጨምር ልጻፈው።

ገና ጎህ ሳይቀድ ማማው ላይ ነበርኩ። ጉሙ ማሳውን ሸፍኖታል። አንድ ጊዜ ፎክሬ ትንፋሽ ስወስድ በገላጣው በኩል ሰዎች አየሁ። ሰባት ናቸው። ጋቢ ተከናንበው፣ በሰልፍ፣ ድምፅ ሳያሰሙ። ፊት ፊት ሙጬ አለ።

መርዶ የሚነገረው ሊነጋ ሲል ነው። የሚመጡትም እንዲህ ነው፤ ተከናንበው፣ ዝም ብለው። ገባኝ። እጄ የማማውን ባላ ያዘ። እኔ ዘንድ እንዳይደርሱ ብቻ ነበር የፈለግሁት። ካልደረሱ አይነግሩኝም፤ ካልነገሩኝ አልሆነም። ላለቅስ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ፉከራ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ፎክሬ አላውቅም። ግጥሙም ተሳከረብኝ፦

ዘራፍ አቻምየለሽ፣ የገደፋው ሚስት፣
እንኳንስ ባዶ እጁን፣ አይደፍራት ሠራዊት!

ሰባቱም ምድር ላይ ተደፉ። ከጋቢው ሥር ጠመንጃ ወጣ። ሙጬ ከመሬት ሆኖ "ገደፋው! ተከበሃል! እጅህን ስጥ! ከጦሩ መክዳትህን ደርሰንበታል፤ ውረድ!" ብሎ ጮኸ።

ገደፋው አለ። እጅህን ስጥ አለ። ሰው ሙትን እጅህን ስጥ አይለውም! ጆሮዬን አላመንኩትም፤ "እስቲ ድገመው!" አልኩት።

"ገደፋው፣ እጅህን ስጥ!"

"አሁንም ድገመው!" ብዬ ባርኔጣውን አወለቅሁ። ሹሩባዬ ወረደ።

ከገደሉ ውስጥ አውራው "ዋ!" አለ። በመጀመሪያ የሳቀው ቢሰጥ ነው፤ በቆሎዬ መሀል በደረቱ ተኝቶ። ለካ ወሬውን የነዛው እሱ ነው። በየንጋቱ የገደፋውን ፉከራ ሰምቶ፣ ካፖርቱን ከሩቅ አይቶ፣ ባሏ ከድቶ መጥቶ ማሳ ውስጥ ትሸሽገዋለች ብሎ ለሚስቱ ብቻ ነገረ። ለሚስቱ ብቻ! ቻይነሽም ለምንጭ ሴቶች ብቻ ነገረች። ያ ሁሉ ቅቤና እንስራ ለካ ገደፋውን ለመደበቅ ነው። የዚህ አገር ሴት እግዜር ይስጣት፤ እኔ ምን እያሰብኩ ነበር።

"አገዳዬን አጎበጥክብኝ፣ ተነሥ!" አልኩት ቢሰጥን።

ሙጬ አቧራውን እያራገፈ ተነሣ። አፍሯል፤ ስላፈረም ተቆጣ። "ሠራዊት አይደፍራትም ያልሽው የማንን ሠራዊት ነው? የኛን ነው?"

"የዝንጀሮውን ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሰምና ወርቁን እርስዎ ያውቁታል።"

አየኝ። ከንፈሩ ጫፍ ላይ ሳቅ መጣበት፤ ዋጠው። "ለምን አልነገርሽንም?" አለኝ። "ዝንጀሮ እንዳይሰማ" አልኩት። ሰባቱንም ይዞ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ዞረው። የተበላውን ፈለገ። ነሐሴ ላይ ከተበሉትና ጃርት ከቆረጣቸው በቀር የጎደለ አላገኘም። ወደ ገላጣው፣ ወደ እሾህ አጥሩ፣ ወደ ማማው አየ። "ማማውን ማን ሠራው?" አለ። ይህን ጥያቄ ከሐምሌ ጀምሮ ስጠብቀው ነበር።


ኅዳር 2

አጨዳ። አገዳው በክንዴ ልክ። ቢሰጥ ሳይጠራ መጣ፤ የካሰ ይመስለዋል። ሦስት ሴቶች የባሎቻቸውን ቁምጣ ይዘው መጥተው "ፉከራውን አስተምሪን" አሉኝ። ድምፅ ከሆድ ነው አልኳቸው።


ኅዳር 21

ዋርካው ሥር ስብሰባ ነበር። ሙጬ ተነሥቶ "የገደል አፋፉ ማሳ ባለበት ይቆያል። የለመደ ዘበኛ አለው" አለና ዘሩ መዝገብ ላይ ጻፈው። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ አንገቴን አልደፋሁም። ከዚያ ስብሰባው ሳይበተን ወደ ዘሩ ጠረጴዛ ሄጄ "አሁን ደብዳቤዬን ስጠኝ" አልኩት። ስሜን ሙሉውን ጻፍኩ፤ አንድ ፊደል አልገደፍኩም።

እቤት ድረስ በጉያዬ ይዤው ሄድኩ። እማማ ንግሥቴ ፊት ቁጭ ብዬ "እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ይህ ከሰኔ ጀምሮ..." ስል "አውቃለሁ፤ ዘሩ ሰኔ ላይ ነግሮኛል" አሉኝ። "አንቺ እስክትጠነክሪ ብዬ ነው" አሉ። ሁለታችን ስንሸሽግ ከርመናል።

ከፈትኩት። የገደፋው እጅ ነው። እዚያው ፊደል አስተምረውት ራሱ ጽፎታል፤ ከኔ የባሰ ይገድፋል። ማኅተሙ የክፍሉ ነው፤ ለሁሉም ወታደር ደብዳቤ ይመታሉ አሉ። እንዲህ ይላል፦

"ይድረስ ለአቻምየለሽ። እኔ ደኅና ነኝ። እናቴን ሳሚልኝ። ገደል አፋፉን ዘንድሮ እንዳታርሺው። ለዝንጀሮ ተይው። እኔ ሳለሁም አስቸግረውኛል፤ አንቺን አይፈሩሽም፤ ዝንጀሮ ሴት አይፈራም። ካፖርቴን ብል እንዳይበላው አውጥተሽ ፀሐይ አስመቺልኝ።"

እንኳን አላነበብኩት! ሰኔ ላይ ባነበው ኖሮ ቃሉን ሰምቼ እተወው ነበር። አሁን ዛፍ ተተክሎበት ነበር። ሳቅሁ፤ እማማ ንግሥቴም እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

"መቼ ጽፎት ነው?" አሉኝ ሳቃቸውን እየጠረጉ።

"ግንቦት 2።"

በጣታቸው ቆጠሩ። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ... ስድስት ላይ ቆሙ። "ደኅና ነኝ ብሏል" አልኳቸው። "ብሏል" አሉ።


ኅዳር 22

መልሱን ዛሬ ለዘሩ ሰጥቼዋለሁ። ግልባጩን እዚህ አስቀምጣለሁ።

"ይድረስ ለገደፋው እጅጉ። እኛ ደኅና ነን። እናትህ ስመውሃል። ደብዳቤህ ስለዘገየብኝ ምክርህን አልሰማሁም፤ አንድ ጥማዱ ሙሉውን ጎተራ ገብቷል። ካፖርትህን በየቀኑ ፀሐይ መቶታል፤ ብል አልበላውም። ትንሽ ጤዛ ይሸታል እንጂ ደኅና ነው። ማማው ቆሟል። ዝንጀሮዎቹ አሁንም ይፈሩሃል፤ ስምህን በየንጋቱ ይሰሙታል። ስትመጣ ቀስ ብለህ ና፤ ሰው ከዚህ ቀደም መጥተሃል ብሎ ጠመንጃ አውጥቶብህ ነበርና። ሚስትህ አቻምየለሽ።"